ቶማስ ኩክ

ቶማስ ኩክ (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1808 – ጁላይ 18 ቀን 1892) እንግሊዛዊ የጉዞ አዘጋጅ፣ አታሚና የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። የባቡር ትኬት፣ ማረፊያና ምግብ አስቀድሞ በታወቀ ዋጋ ለመንገደኛ ማቅረብን በስፋት ካስለመዱት ሰዎች ዋነኛው ነው። ከእርሱ ዘመን በፊት ለመዝናናት ወደ ሌላ አገር መሄድ በአብዛኛው የባለጸጎች ልማድ ነበር። ኩክ ግን የፋብሪካ ሠራተኞችን፣ አስተማሪዎችንና ጸሐፊዎችን ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ለንደን፣ ወደ ፓሪስና ወደ ስዊዘርላንድ እንዲሄዱ አስቻለ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ በውጭ አገር የሚገኝ የመዝናኛ ፓርክ ለመጎብኘት ሲያስብ ትራንስፖርቱን፣ ሆቴሉንና መግቢያውን በአንድ ሒሳብ መግዛቱ ከዚህ ሰው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነትና የወጣትነት ዘመን

ኩክ የተወለደው በእንግሊዝ፣ ደርቢሸር ውስጥ በምትገኘው በሜልበርን መንደር ነው። አባቱ ገና ሕፃን ሳለ ስለሞተ እናቱ ሌላ ባል አገባች። ቤቱ ድሃ ስለነበር በ10 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ አትክልተኛ ዘንድ ተቀጠረ። ደመወዙ በቀን 1 ፔኒ ነበር። በ14 ዓመቱ የእንጨት ሥራ ለመማር በአጎቱ ዘንድ ገባ።

በ1828 ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ የሚሰብክ ወንጌላዊ ሆነ። በ1829 ብቻ ከ3,300 ኪሎሜትር በላይ በእግሩ እንደተጓዘ ከመዝገቡ ይታወቃል። በ1833 የገበሬ ልጅ የሆነችውን ማሪያን ሜሰንን አግብቶ በማርኬት ሃርቦሮ ከተማ በእንጨት ሥራ መተዳደር ጀመረ። በተከታዩ ዓመት ልጃቸው ጆን ሜሰን ኩክ ተወለደ። ሴት ልጃቸው አኒ የተወለደችው በ1845 ነው።

በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ከተሞች ስካር የድሃ ቤተሰቦችን ኑሮ ክፉኛ ይጎዳ ነበር። ኩክ ከአልኮል መጠጥ ፈጽሞ ለመታቀብ ቃል ከገቡት ሰዎች ጋር ተቀላቀለ፤ ስለዚሁ ዓላማም ጽሑፎችን ያትም ነበር። የጉዞ ሥራው የተወለደው ከዚህ ንቅናቄ ነው። ሠራተኛውን ከመጠጥ ቤት ለማራቅ መከልከል ብቻ እንደማይበቃ፣ በዕረፍት ቀኑ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር የሚሄድበት የተሻለ ቦታም እንደሚያስፈልገው ያምን ነበር።

የአንድ ሺሊንጉ ጉዞ

በጁን 1841 ኩክ በሌስተር ከተማ ወደሚደረግ የንቅናቄው ስብሰባ 24 ኪሎሜትር ያህል በእግሩ ሲጓዝ፣ አዲሱን የባቡር ሐዲድ ለዓላማው የመጠቀም ሐሳብ መጣለት። ከባቡር ኩባንያው ጋር ተነጋግሮ አንድ ልዩ ባቡር እንዲመደብለት አደረገ። ጁላይ 5 ቀን 1841 ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች ከሌስተር ወደ ላፍቦሮ ሄደው በዚያው ዕለት ተመለሱ። የደርሶ መልስ ዋጋው 1 ሺሊንግ ነበር። አብዛኞቹ የተጓዙት ጣሪያ በሌላቸው ፉርጎዎች ሲሆን የሙዚቃ ጓድ አብሯቸው ነበር። ላፍቦሮ ሲደርሱ በአንድ ባለጸጋ መናፈሻ ውስጥ ጨዋታ፣ ሻይና ንግግር ተዘጋጅቶላቸው ነበር።

1 ሺሊንግ 12 ፔኒ ነው። ይህም ኩክ በልጅነቱ በሁለት ሳምንት ሥራ ያገኘው ከነበረው ገንዘብ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ዋጋው ለድሃ ቀላል ባይሆንም ተቆጥቦ ሊደረስበት የሚችል ነበር።

ኩክ ልዩ የሽርሽር ባቡር በማዘጋጀት የመጀመሪያው ሰው አልነበረም። ከ1841 በፊትም አንዳንድ ማኅበራትና የባቡር ኩባንያዎች ተመሳሳይ ጉዞ አድርገዋል። የእርሱ ልዩነት ሥራውን የዕድሜ ልክ ሙያ ማድረጉና በየጊዜው እያሻሻለ መቀጠሉ ነው። ከጉዞው በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሌስተር ተዛወረ። እዚያም የማተሚያ ሥራ ከፈተ።

ሊቨርፑል፣ ስኮትላንድና ኪሳራ

በ1845 ኩክ ለትርፍ የታሰበ የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ሊቨርፑል አዘጋጀ። አስቀድሞ በመንገዱ ራሱ ሄዶ ሆቴሎቹንና ምግብ ቤቶቹን መረመረ፤ ከተለያዩ የባቡር ኩባንያዎች ጋር ተዋዋለ፤ ለመንገደኞቹም አነስተኛ መጽሐፍ አትሞ ሰጠ። የሁለተኛ ማዕረግ ትኬት 10 ሺሊንግ ነበር። ፈላጊው ስለበዛ አንዳንዶች ትኬታቸውን አትርፈው ሸጡ፤ ኩክም ጉዞውን መድገም ግድ ሆነበት።

በተከታዩ ዓመት 350 ያህል ሰዎችን ወደ ስኮትላንድ ወሰደ። በግላስጎና በኤድንብራ ሞቅ ያለ አቀባበል ቢደረግላቸውም መንገዱ አስቸጋሪ ነበር። ባቡሩ መጸዳጃ አልነበረውም፤ ታስቦ የነበረው ሻይ አልተገኘም፤ በመርከቡም ላይ ለሁሉ የሚበቃ ክፍል ስላልነበረ ብዙዎች ሌሊቱን በዝናብ አሳለፉ። በዚያው በ1846 ኩክ ከሠረ። ሥራውን ግን አልተወም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንሰራርቶ የስኮትላንድን ጉዞ በየዓመቱ የሚደረግ አደረገው።

የ1851 ታላቁ ኤግዚቢሽን

ሜይ 1 ቀን 1851 በለንደን ሃይድ ፓርክ ታላቁ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከብረትና ከመስተዋት በተሠራውና ክሪስታል ፓላስ በተባለው ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ የብዙ አገሮች ማሽኖች፣ ጨርቆች፣ ጌጣጌጦችና የጥበብ ሥራዎች ለዕይታ ቀረቡ። ኤግዚቢሽኑ እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ ቆይቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ መግቢያዎች ተቆጥረዋል። እንዲህ ያሉ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽኖች ለዛሬዎቹ የመዝናኛ ፓርኮች መፈጠር መንገድ ከጠረጉት ነገሮች መካከል ይጠቀሳሉ።

መግቢያው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውድ ነበር። ከሜይ 26 ጀምሮ ግን ከሰኞ እስከ ሐሙስ 1 ሺሊንግ ሆነ፤ ዓርብና ቅዳሜ ከዚያ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጣ ቤተሰብ የሚሄድበትን ቀን መምረጥ ብቻውን ወጪውን ይቀንስለት ነበር።

የክሪስታል ፓላስ ነዳፊ ጆሴፍ ፓክስተን ኩክን ሠራተኞችን ከመሃል አገር እንዲያመጣ አግባባው። ኩክም ከልጁ ከጆን ሜሰን ጋር በየከተማው እየዞረ የቁጠባ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አደረገ። አባላቱ እንደ ዕቁብተኛ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይከፍሉ ነበር። ልዩነቱ ዕጣ የሚወጣበት አለመሆኑ ነው፤ ሁሉም የሚያጠራቅሙት ለአንድ የጉዞ ቀን ነው። በዚሁ ዓመት ስለ ጉዞው መረጃ የሚሰጥ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። ጋዜጣው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጥሏል።

በወቅቱ የባቡር ኩባንያዎች መንገደኛ ለመሳብ እርስ በርስ ስለተፎካከሩ ከዮርክሸር ለንደን ደርሶ መልስ እስከ 5 ሺሊንግ ወረደ። ኩክ በኤግዚቢሽኑ ዘመን ወደ 150,000 የሚጠጉ ሰዎችን ለንደን እንዳደረሰ ይነገራል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዋና ከተማቸውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

ወደ ውጭ አገር

በ1855 ፓሪስ የራሷን ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ኩክ በአጭሩ የባሕር መንገድ ሊያሻግራቸው ቢፈልግም የመርከብ ኩባንያዎቹ ዋጋ አልቀነሱለትም። ስለዚህ መንገደኞቹን ከሃሪች ወደብ ወደ አንትወርፕ አሻግሮ በብራስልስ፣ በኮሎኝና በራይን ወንዝ በኩል ዞሮ ፓሪስ አስገባቸው። መንገዱ ቢረዝምም ብዙ ከተሞችን አሳያቸው። ኩክ ከዚህ ጉዞ አላተረፈም፤ ነገር ግን ቋንቋውንና ገንዘቡን የማያውቁ ሰዎችን በባዕድ አገር እንዴት እንደሚመራ ተማረበት።

በ1861 ከፓክስተን ጋር በመሆን በርካታ የእንግሊዝ ሠራተኞችን ለጥቂት ቀናት ፓሪስ አስጎበኘ፤ በዚህም ኪሳራ ደረሰበት። በ1862 የስኮትላንድ የባቡር ኩባንያዎች ቅናሽ መስጠታቸውን ሲያቆሙ ዋና ገቢው ተቋረጠ። ኩክ ፊቱን ወደ አውሮጳ አዞረ። በ1863 የመጀመሪያውን ቡድን ወደ ስዊዘርላንድ፣ በ1864 ደግሞ ወደ ጣሊያን መራ። ከስዊዘርላንድ ተጓዦች አንዷ የዮርክሸሯ ጀማይማ ሞረል ስትሆን የጻፈችው የጉዞ ማስታወሻ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተገኝቶ ታትሟል። ያለ ወንድ ዘመድ አጃቢ መጓዝ ነውር ይባልባቸው ለነበሩ ሴቶች የኩክ ቡድን ተቀባይነት ያለው መንገድ ሆነላቸው።

በ1865 በለንደን ፍሊት ስትሪት ቢሮ ከፈተ። በ1867ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ወደ 20,000 የሚሆኑ ደንበኞች እንዳስተናገደ ይነገራል። በኤግዚቢሽን ጊዜ የማረፊያ ዋጋ እንደሚንር ስለሚያውቅ ፓሪስ ውስጥ ቤቶችን አስቀድሞ ተከራይቶ በተወሰነ ዋጋ አሳደራቸው።

በ1869 ቡድኖችን ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም መራ። ከሴፕቴምበር 1872 ጀምሮም ከሊቨርፑል ተነሥቶ አሜሪካን፣ ጃፓንን፣ ቻይናንና ሕንድን አይቶ በቀይ ባሕር በኩል የተመለሰበትን የ222 ቀን የዓለም ዙርያ ጉዞ አደረገ። ይህ የመጨረሻው ግን የሠራተኛ ቤተሰብ አቅም የሚችለው አልነበረም።

የኩክ አሠራር

የኩክ ዋጋ ዝቅ ሊል የቻለው በቀላል ስሌት ነው። ባቡር ግማሹ ባዶ ሆኖ ቢሄድም ወጪው ብዙ አይቀንስም። ኩክ መቀመጫዎቹን እንደሚሞላ ለኩባንያው ዋስትና ስለሚሰጥ የእያንዳንዱ ሰው ክፍያ ይወርዳል። በሆቴልም የተጠቀመበት ይህንኑ መንገድ ነው።

ከ1868 ጀምሮ የሆቴል ኩፖን መሸጥ ጀመረ። መንገደኛው እንግሊዝ አገር ሳለ ከፍሎ ኩፖኑን ይይዛል፤ በሄደበት ሆቴል በገንዘብ ፈንታ እርሱን ይሰጣል፤ ሆቴሉም ሒሳቡን ከኩክ ይቀበላል። በ1873 የአውሮጳ ባቡሮችና መርከቦች የጊዜ ሰሌዳ የያዘ መጽሐፍ ታተመ። በ1874 ደግሞ የመንገደኛ ቼክ ቀዳሚ የሆነው የገንዘብ ሰነድ በኒው ዮርክ ሥራ ላይ ዋለ።

እነዚህ ሁሉ የሚያገለግሉት ለአንድ ነገር ነበር፤ ቤተሰቡ ከቤቱ ሳይወጣ ጠቅላላ ወጪውን እንዲያውቅ ነው። በመንገድ ላይ ስንት እንደሚጠየቅ የማያውቅ ሰው፣ ገንዘቡ ቢበቃውም እንኳ ለመነሣት ይፈራል። ኩክ ከዋጋው እኩል ይህን ፍርሃት አቃለለ።

ትችት

የኩክ መንገደኞች በጣሊያንና በስዊዘርላንድ መብዛታቸው ሁሉን አላስደሰተም። በጣሊያን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አይርላንዳዊው ደራሲ ቻርልስ ሌቨር እንደ መንጋ የሚነዱ ያልሠለጠኑ ሰዎች አድርጎ በጽሑፍ ተሳለቀባቸው። ኩክ የተፈጥሮ ውበትና የጥበብ ሥራ የጥቂቶች ርስት አለመሆኑን በመግለጽ በጽሑፍ ተከራከረ። በሌላ በኩል የኩክ ቅናሽ ለሁሉ አልደረሰም። ወደ ውጭ አገር ከሄዱት አብዛኞቹ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ፤ የቀን ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን ሽርሽር አላለፈም።

ከልጁ ጋር የነበረው አለመግባባትና የመጨረሻ ዓመታት

ድርጅቱ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ኩክና ልጁ በሚል ስም ተሰየመ። ሁለቱ ግን በዓላማ አልተስማሙም። አባት ጉዞን እንደ በጎ አድራጎትና እንደ ስብከት ሲያየው፣ ልጅ ደግሞ በትርፍና በጥንቃቄ መመራት ያለበት ንግድ ነው ይል ነበር። አባቱ ለድሆች ብሎ የገባበትን ኪሳራ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ጆን ሜሰን አቋሙን አልለወጠም። በ1878 ገደማ ቶማስ ሥራውን ለልጁ ለቆ በሌስተር ባሠራው ቤት ተቀመጠ።

የመጨረሻ ዘመኑ በኀዘን የተሞላ ነበር። በ1880 ልጁ አኒ በዚያው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሞታ ተገኘች፤ ምክንያቱ የውኃ ማሞቂያው ጋዝ እንደነበረ ይታመናል። ባለቤቱ በ1884 አረፈች። እርሱም ዓይኑ ታወረ። በ1891 በትውልድ መንደሩ ለችግረኛ አረጋውያን መኖሪያ ቤቶች አሠራ። ጁላይ 18 ቀን 1892 በ83 ዓመቱ ሞቶ በሌስተር ከሚስቱና ከልጁ አጠገብ ተቀበረ።

ከሞቱ በኋላ

ጆን ሜሰን ድርጅቱን አስፋፍቶ በ1899 ሞተ። የቶማስ የልጅ ልጆች በ1928 ሸጡት፤ በ1948 የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ሆነ፤ በ1972 ወደ ግል ተመለሰ።

ኩክ ሰዎችን ይወስድባቸው የነበሩት ኤግዚቢሽኖችም መልካቸውን ለወጡ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ግዙፉ የሚሽከረከር መንኮራኩርና የመዝናኛ መንደሩ ብዙ ሕዝብ ሳቡ። በዚያ ግንባታ ከሠሩት አንዱ ኤልያስ ዲዝኒ ሲሆን ልጁ ዋልት ዲዝኒ በ1955 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድን ከፈተ። ወደ እንዲህ ያለ ፓርክ የሚደረግ የቤተሰብ ጉዞ ዛሬም በኩክ መንገድ ነው የሚረክሰው፤ አስቀድሞ በመቆጠብ፣ ዋጋ የሚቀንስበትን ቀን በመምረጥና ጉዞና ማረፊያን አንድ ላይ በመግዛት።

አስቀድሞ መክፈል ግን በአዘጋጁ ላይ እምነት መጣል ነው። ሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 የቶማስ ኩክ ኩባንያ በዕዳ ምክንያት ሲዘጋ ወደ 150,000 የሚጠጉ የብሪታንያ መንገደኞች በውጭ አገር ነበሩ። የአገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላን ተከራይቶ መለሳቸው። ለጥቅል ጉዞ የከፈሉት ብሪታንያውያን ገንዘባቸውን ያገኙት ሕጉ አዘጋጆች የዋስትና መዋጮ እንዲከፍሉ ያስገድድ ስለነበረ ነው።

በሌስተር ባቡር ጣቢያ አጠገብ የቶማስ ኩክ ሐውልት ቆሟል።