የአምባሰሏ መነንና የልጃገረዶች ትምህርት ቤታቸው



ወሎ ውስጥ የወይዘሮ ስኂንን ስም ያልሰማ ጥቂት ነው። ደሴ ያለው አንጋፋ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል፤ በድሮው ጊዜ ስንቁን ተሸክሞ እዚያ ሊማር የወረደ የገጠር ልጅም ብዙ ነበር። ባለስሟ ማን እንደነበሩ የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ልጃቸው ስለ እቴጌ መነን ነው። ስማቸው ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ዘውዳቸውና ለቤተ ክርስቲያን ስላደረጉት ስጦታ ነው። እኔ ግን የሚበልጥብኝ ለሴት ልጆች የከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። በስብሰባዎቻችን ደጋግመን የምናነሳው ጥያቄ አለ፦ መስከረም ላይ የተመዘገበች ልጅ ጥር ላይ ክፍል ውስጥ የማትገኘው ለምንድን ነው? የእቴጌይቱን ሕይወት ሳነብ ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ያነበብኩት።

መነን አስፋው በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር አምባሰል ውስጥ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው የአምባሰል ባላባት ነበሩ፤ ጃንጥራር የሚለው ማዕረግም የአምባሰል ገዥዎች መጠሪያ ነው። አያታቸው በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል፣ አጎታቸው ደግሞ ልጅ ኢያሱ ናቸው። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ ብትማር የምትማረው እቤቷ ነበር። ከቄሱ ፊደልና ዳዊት፣ ከእናቷና ከሞግዚቷ ፈትልና ስፌት፣ የግብር ቤት አያያዝም። ከእኩዮቿ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትማርበት ቦታ አልነበራትም።

ደግሞም ልጅነቱ ራሱ አጭር ነበር። መነን ገና ልጅ ሳሉ ለደጃዝማች አሊ ተዳሩ፤ ሁለት ልጆች ወለዱላቸው። ያ ትዳር ፈርሶ ለደጃዝማች አመዴ ተዳሩ፤ አሁንም ሁለት ልጆች። ደጃዝማች አመዴ ሲሞቱ አያታቸው ራስ ሚካኤል በዕድሜ በጣም ለሚበልጧቸው ለሸዋው መኰንን ለሉልሰገድ አጥናፍ ሰገድ ዳሯቸው። ይህ ሁሉ የሆነው ሃያዎቹን ገና ሳይሻገሩ ነው። በመጨረሻም ሐምሌ 1903 ዓ.ም. የሐረሩን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን፣ አገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የታሪክ ጸሐፊዎች እነዚህን ጋብቻዎች የሚያነሱት የወሎንና የሸዋን ፖለቲካ ለማስረዳት ነው። እኛ ሴቶች ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። ከቤት ወደ ቤት በሰው ውሳኔ የሄደች፣ በሄደችበት ሁሉ አዲስ ሰው የሆነች፣ ልጆቿን ይዛም ሆነ ትታ እንደገና የጀመረች ልጅ እናያለን። ባይተዋርነት ምን እንደሆነ መነን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

አራተኛው ትዳር እስከ ሞት የዘለቀ ሆነ። ከተፈሪ ስድስት ልጆች ወለዱ። ይሁንና ሰላሙ ቶሎ አልመጣም። ጥቅምት 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ አያታቸው ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው ሲማረኩ፣ ባለቤታቸው ከአሸናፊዎቹ ወገን ነበሩ። የትውልድ ቤታቸው የወደቀበት ጦርነት የባለቤታቸውን አልጋ ወራሽነት አጸና። ሐዘናቸውንና ደስታቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እንደቻሉት እግዚአብሔር ይወቅ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲነግሡ፣ መነንም በዚያው ዕለት ዘውድ ጫኑ። ቀድሞ የእቴጌ ዘውድ የሚጫነው በሌላ ቀን ነበርና ይህ አዲስ ነገር ነው። ከዚያ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ገና በእቅፍ ሳሉ፣ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው የሚጠራው የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወጪውንም እቴጌይቱ ከራሳቸው ሸፈኑ።

የጊዜውን ርቀት እዩልኝ። ለወንዶች የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917። ሴቶቹ ከምኒልክ ትምህርት ቤት በኋላ ሃያ ዓመት አልፏቸው ነው ተራ የደረሳቸው። ሚሲዮኖች ጥቂት ሴት ልጆችን ቀደም ብለው ያስተምሩ ነበር፤ በአገሪቱ በራሷ እጅ ለሴቶች የቆመ ይህን መሰል ትምህርት ቤት ግን አልነበረም።

አዳሪ መሆኑ ነው ነገሩን የለወጠው። በዚያ ዘመን አንድ አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ላለመላክ ምክንያት አያጣም። መንገድ ላይ ትጠለፋለች፣ ስሟ ይጠፋል፣ የቤት ሥራ ማን ይሠራል፣ ባል ታጣለች። የእቴጌይቱ ቤት ለእነዚህ ሁሉ አንድ መልስ ነበረው፦ ልጅቱ እዚህ ታድራለች፣ እዚህ ትበላለች፣ የሚጠብቃት አለ፣ ኃላፊነቱም የእቴጌይቱ ነው። ስለዚህ ፊደሉን ከመቁጠሯ በፊት አልጋ አገኘች፤ ከእኩዮቿም ጋር አንድ ማዕድ ቀረበች። የልጅ ልብ የሚረጋው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በእኛ ቆላ አዳሪ ትምህርት ቤት ይከፈት እያልኩ አይደለም። ልጆቻችን አድረው የሚመጡት ከእኛው ቤት ነው፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ማሽላው ሲያሸት ከራያ ልጆች ስንቱ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ወፍ ይጠብቃል? ትምህርት የሚጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ልጁ ሁለትና ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ሲመጣ ወንበሩ ተይዟል፣ ጓደኞቹ ቡድናቸውን አበጅተዋል፣ መምህሩም ስሙን አልያዙትም። ያን ጊዜ ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም የሚቀረው። ገብቶ የሚቀመጥበት አጥቶ ነው። ሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ውኃ ቀድታ፣ ታናሿን አዝላ አስተኝታ፣ አርፍዳ ስትደርስ በር ላይ መንበርከክ ይጠብቃታል። የወር አበባ ሲመጣባት የምትታጠብበት ክፍል የሌለበት ትምህርት ቤትም፣ ባይናገርም አትምጪ ብሏታል።

ወደ እቴጌይቱ ልመለስ። ትምህርት ቤት መክፈታቸው የገዛ ቤታቸውን ከዘመኑ ልማድ አላወጣም። ልጃቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ዐሥራ አምስት ዓመት አካባቢ ሳሉ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው መቀሌ ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ በለጋ ዕድሜያቸው እዚያው አረፉ። ለሌላው ሴት ልጅ በር የከፈቱት እናት የራሳቸውን ልጅ እንዲህ አጡ። ይህን የምጽፈው እቴጌይቱን ለመውቀስ አይደለም፤ ልማድ የሚያስረው የደሃውን ቤት ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጣልያን ወረራ ዋዜማ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ እቴጌይቱም ልጃቸው ልዕልት ፀሐይም ከሴቶቹ ጋር ሆነው ለዘማች የሚሆን ፋሻና ልብስ አሰናዱ። እንደኛ ያለ የሴቶች ማኅበር እንግዲህ የቆየ ዘር አለው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቆቦ በስተሰሜን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተሸነፈ። በኮረምና በአሸንጌ በኩል ያፈገፈገውን ሠራዊት በሰማይ አውሮፕላን ደበደበው፣ በምድር ደግሞ የራያና የአዘቦ ሰው ወጋው። ይህን መደበቅ አይገባም። አያቶቻችን ከማይጨው በፊትም ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተዋግተው ነበር፤ ከነፃነት በኋላም በ1935 ዓ.ም. ተነሥተዋል። እና የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በስሙ የሁሉ ቢሆንም፣ ከራያ ቆላ አንዲት የማሽላ አራሽ ልጅ ልሂድ ብትል መንገዱ ቅርብ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መቀመጫውን ያገኙት በአብዛኛው የመኳንንትና የከተማ ሰዎች ልጆች ናቸው። መምህራኑም ከውጭ የመጡ፣ ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ነበር። አልጋና ምግብ የሰጠው ቤት በቋንቋው ደግሞ እንግዳ ያደርግ ነበር ማለት ነው። የእኛም ልጆች ይህን ያውቁታል። ከቤቱ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ አፉን ፈትቶ የመጣ፣ ወይም ከሌላ ወረዳ ተፈናቅሎ የገባ ልጅ፣ መጀመሪያ የሚማረው አፉን ዘግቶ መቀመጥን ነው፤ በአነጋገሩ ከሳቁበት ዓመቱን ሙሉ እጁን አያወጣም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ። ትምህርቱ ተቋረጠ። ስደቱ ኢየሩሳሌምና እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ነበር። የባዝ ብርድ ለጤናቸው ስላልተስማማ እቴጌይቱ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ለመስጠት ተሳሉ፤ ከድል በኋላም ስለታቸውን ለቤተ ልሔም የልደት ቤተ ክርስቲያን አገቡ። ልዕልት ፀሐይ በዚያ የስደት ጊዜ ለንደን ውስጥ በታወቀው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። የንጉሥ ልጅ የታመመ ሕፃን ማስታመም ሙያዬ ብላ መያዟ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። አገራቸው ገብተው ማገልገል ጀመሩ፤ ነገር ግን በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወሊድ ምክንያት አረፉ።

ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ተከፈተ። የማስተማሪያ ቋንቋው በእንግሊዝኛ ተተካ። ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ርዕሰ መምህርት መሆናቸው ነው። ቦታውን ሲይዙ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ስንዱ ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ ጣልያንን ተዋግተው የተያዙና አዚናራ ደሴት ላይ የታሰሩ ሴት ናቸው። ተማሪዎቹ መድረክ ላይ የሚጫወቱትን ቲያትር ራሳቸው ይጽፉላቸው ነበር። አስቡት፦ ጮክ ብላ መናገር ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ የአርበኛ ልብስ ለብሳ በአማርኛ በሰው ፊት ስትናገር። ቤቱ የእሷ መሆኑን ከዚህ የበለጠ ምን ይነግራታል? ስንዱ በኋላ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመርጠው በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ።

እቴጌ መነን በመጨረሻ ዘመናቸው ሐዘን በዛባቸው። በ1949 ዓ.ም. ልጃቸው ልዑል መኰንን በመኪና አደጋ ሞቱ። እሳቸው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። በ1966ቱ አብዮት ማግስት ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተባለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የቀድሞ ስሙ ተመልሶለት ልጃገረዶች የሚያድሩበት ቤት ሆኗል።

እኛ ዘንድ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ የተነጋገርነው ስለ ጣሪያና ስለ ወንበር ነው። ደጋፊዎቻችንም በዚያ ረድተውናል፤ እናመሰግናለን። ለሚቀጥለው ዓመት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ጨምረን ብንይዝ እላለሁ። ከወፍ ጥበቃ ዘግይቶ ለሚመጣ ልጅ ወንበሩ እንዲቆይለት ከርዕሳነ መምህራኑ ጋር አሁኑኑ እንነጋገር። አዲስ ለገባች ልጅ በእረፍት ሰዓት አብራት የምትሆን አንዲት ታላቅ ተማሪ ትመደብላት። ሦስት ቀን የቀረች ልጅ ቤት ደግሞ ከእኛ አንዷ ቡና ለመጠጣት ያህል ጎራ ትበል፤ እናቷን ለመክሰስ ሳይሆን ምን እንደገጠማት ለመስማት።

ነሐሴ ላይ ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶቹ ተሹሩበው፣ ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው በየደጃችን ይመጣሉ። ያን ጊዜ ማን ከማን ጋር እንደምትጫወት፣ ማን ብቻዋን ከኋላ እንደቀረች በዓይናችን እናያለን። ምዝገባውም ከዚያ ብዙም አይርቅም። የቀበሌ ተጠሪዎቻችን ደብተራችሁን ያዙና በዚያው ዕለት የልጆቹን ስም ከነክፍላቸው መዝግቡልን።