የቅርጣግናው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ፤ የወደቁትንም ወንድሞች እንዴት እንደ ተቀበለ

አንባቢ ሆይ፥ ከአንተ ጋራ ጌታን ሲያመልክ የኖረ ወንድምህ በፈተና ቀን ክዶ ቢወድቅ፥ ክፉው ቀን ካለፈ በኋላም እያለቀሰ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢመለስ፥ ምን ልታደርገው ትወዳለህ? ደጁን ዘግተህ ታባርረዋለህን? ወይስ አንዳች ነገር እንዳልሆነ አድርገህ ዝም ብለህ ታስገባዋለህን? ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ብዙ ማኅበርንም ከፍሏል። ከ1,700 ዓመት በፊት በአፍሪካ ምድር በቅርጣግና ከተማ ይኸው ጥያቄ ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ እረኛ ላይ ወደቀ። የዚህን እረኛ ኑሮ እጽፍልሃለሁ። ስሙ ቆጵርያኖስ ይባላል። አስቀድሞ አስማተኛ ነበረ የሚባለው፥ ታሪኩም ከዮስቴና ጋራ የሚነገረው የአንጾኪያው ቆጵርያኖስ ሌላ ነውና፥ በስማቸው አንድነት እንዳትሳሳት ተጠንቀቅ። በዚህ ጽሑፍ ያለውም የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቅርጣግና ዛሬ ቱኒስ በምትባለው ከተማ አጠገብ በባሕር ዳር የተሠራች፥ በሮማውያን መንግሥት ምዕራብ ክፍል እጅግ ከተከበሩት ከተሞች አንዲቱ ነበረች። ቆጵርያኖስ በዚያች ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። በዚያ ዘመን የንግግር ጥበብ የሹመትና የሀብት መንገድ ነበረና፥ እርሱም ባለጠጋ፥ በመኳንንት ዘንድ የታወቀ፥ ያማረ የአትክልት ቦታ ያለው ሰው ነበረ። በ246 ገደማ ቄኪልያኖስ የሚባል ሽማግሌ ቄስ መክሮና አስተምሮ ወደ ጌታ አቀረበውና ተጠመቀ። እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፥ በግብዣና በጌጥ የኖረ ሰው ልማዱን ትቶ አዲስ ሰው ሊሆን እንዲችል ለማመን እጅግ ተቸግሮ ነበረ። ነገር ግን ከተጠመቀ በኋላ ርስቱን ሸጦ ለድኆች ሰጠ። ቄኪልያኖስም ሊሞት በቀረበ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን ለእርሱ አደራ ሰጠው። ከተጠመቀ ገና ሦስት ዓመት ያህል ሳይሞላው ሕዝቡ ቤቱን ከብቦ ኤጲስ ቆጶስ እንዲሆን ግድ አለው። አምስት ቄሶች ግን ከእኛ በፊት እንዴት ይሾማል ሲሉ ተቃወሙት፤ ይህም ቅንዓት በኋላ ብዙ መከራ አመጣበት።

በ249 ዳኬዎስ በሮማ ነገሠ። እርሱም በመንግሥቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ለአማልክት መሥዋዕት እንዲሠዋ፥ ከሠዋም በኋላ ከሹሞች የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዋጅ አስነገረ። በ250 በጥር ወር የሮማው ኤጲስ ቆጶስ ፋብያኖስ ሞተ። ክርስቲያኖች ብዙ ዘመን በሰላም ኖረው ነበርና እምነታቸው ላልቶ ነበረ፤ ኤጲስ ቆጶሳት እንኳ መንጋቸውን ትተው በየገበያው ትርፍ ሲያሳድዱ ይታዩ እንደ ነበረ ቆጵርያኖስ ራሱ በሐዘን ጽፏል። ስለዚህ አዋጁ በቅርጣግና በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ማንም ሳይዛቸው፥ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ አደባባይ ሮጡ። መሽቷልና ነገ ተመለሱ ያሏቸውን ሹሞች ዛሬ ተቀበሉን እያሉ የለመኑ ነበሩ። አንዳንዶቹም የሚጠቡ ሕፃናቶቻቸውን ታቅፈው ወደ ጣዖቱ መሠዊያ ወሰዱ።

ሌሎች ደግሞ ወደ መሠዊያው ለመቅረብ ፈሩ፥ ለመሞትም ፈሩ፤ ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ አገኙ። ለሹሙ ገንዘብ ሰጥተው፥ ሳይሠዉ እንደ ሠዉ የሚመሰክር ወረቀት ገዙ። የዚህ ዓይነት የምስክር ወረቀት በግብፅ ምድር በአሸዋ ተቀብሮ ከ40 የሚበልጥ ተገኝቷል፤ የሰውዬው ስም፥ ለአማልክት ሁልጊዜ ሲሠዋ እንደ ኖረ፥ አሁንም በሹሞቹ ፊት እንደ ሠዋና ከመሥዋዕቱም እንደ ቀመሰ ተጽፎበታል፤ በግርጌውም ሹሞቹ ፈርመውበታል። እነዚህ ወረቀት የገዙት ሰዎች እጃችን ዕጣን አልነካም፥ አፋችንም አልቀመሰም፥ ስለዚህ አልካድንም ይሉ ነበር። ቆጵርያኖስ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ሰው በስሙ የተጻፈውን ካልካደ እንደ ተናገረው ይቈጠርበታልና። አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቁምና ራስህን መርምር። ዛሬ የጣዖት መሠዊያ በአደባባይ አይታይም፤ ነገር ግን ያልሠራውን እንደ ሠራ፥ ያላየውን እንዳየ የሚመሰክርለትን ማኅተም በገንዘብ ገዝቶ፥ እኔስ በአፌ አልዋሸሁም ብሎ በሰላም የሚተኛ ክርስቲያን አለ። ለዚህ ሰው የቅርጣግና ወረቀት እሩቅ ነገር አይደለም።

በዚያ ጊዜ ቆጵርያኖስ ወዴት ነበረ? ሸሽቶ ተሸሽጎ ነበረ። ይህን ልሰውርልህ አልወድም። ሕዝቡ በአደባባይ አንበሳ እንዲበላው እየጮኹ ይፈልጉት ነበር፤ ሀብቱም ተወረሰ። እርሱ በተሸሸገበት ስፍራ ሆኖ ደብዳቤ እየጻፈ ቀሳውስቱን ይመክር፥ ለታሰሩትና ለድኆች ገንዘብ ይልክ ነበር። ቢሆንም በሮማ ያሉ ቀሳውስት ተኵላ ሲመጣ መንጋውን ትቶ የሚሸሸውን ምንደኛ እያነሡ፥ እርሱን የሚነካ ደብዳቤ ወደ ቅርጣግና ላኩ። ቆጵርያኖስም ተቈጣ፥ ስለ ሥራውም ምላሽ ሰጠ፤ የሸሸሁት ስለ ራሴ ሳይሆን በእኔ ምክንያት በሕዝቡ ላይ ሁከት እንዳይበዛ ነው አለ። ጌታ ራሱ በአንዲት ከተማ ቢያሳድዱን ወደ ሌላዪቱ እንድንሸሽ ፈቅዷልና እኔ በዚህ አልፈርድበትም። ነገር ግን ሸሽቶ የዳነ እረኛ ቆመው የወደቁትን ሊዳኝ ሲነሣ፥ ሰዎች በጥርጥር ቢመለከቱት አይደንቅም። ይህን ነቀፌታ እስኪሞት ድረስ ተሸክሞት ኖረ።

አሁን ዋናው ችግር መጣ። በወህኒ ታስረው፥ ተገርፈውና ተርበው ያልካዱ ወንድሞች ነበሩ፤ ሕዝቡም ስለ መከራቸው እጅግ ያከብራቸው ነበር። የካዱት ሰዎች ወደ እነዚህ እየሄዱ ለመኑአቸው፤ እነርሱም ከቤተ ክርስቲያን ጋራ እንዲታረቁ የሚል የሰላም ደብዳቤ ይሰጧቸው ጀመር። በመጀመሪያ ደብዳቤው በስም ለታወቀ ሰው ብቻ ነበር፤ ኋላ ግን እገሌና ከእርሱ ጋራ ያሉት ሁሉ ይታረቁ የሚል ሆነ። በዚህ ቃል ሃያም ሠላሳም ሰው ባንድ ደብዳቤ ይገባ ነበር። እነዚያ ቆጵርያኖስን የጠሉት ቄሶችም፥ ፈሊኪሲሞስ የሚባል ዲያቆንም፥ ይህን ደብዳቤ እንደ ምክንያት ይዘው፥ ካጁን ሁሉ ንስሐ ሳይገባ፥ እጅም ሳይጫንበት ወደ ጌታ ማዕድ አስገቡ።

ቆጵርያኖስ ይህን ምሕረት አልለውም አለ። በላይ ላዩ ሽሮ ውስጡ መግል የያዘ ቍስል ሰውን እንደሚገድል፥ ያልታከመ ኀጢአትም እንዲሁ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ሰዎች ጨካኝ አሉት። ነገር ግን በሮማ ኖቫትያኖስ የሚባል የተማረ ቄስ ተነሥቶ፥ የካደ ሰው ቢያለቅስም ቢጾምም እስከ ሞት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ልትቀበለው አይገባትም ባለ ጊዜ፥ ያው ቆጵርያኖስ በእርሱ ላይ በብርቱ ቆመ። ጌታ ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ከካደው በኋላ በጎቹን አደራ ሰጥቶታልና።

በ251 ከፋሲካ በኋላ ወደ ከተማው ተመለሰ፤ የአፍሪካንም ኤጲስ ቆጶሳት ሰብስቦ ጉባኤ አደረገ። የጉባኤው ፍርድ ሁሉን በአንድ ሚዛን አልመዘነም። በመጀመሪያው ጥሪ ፈጥኖ የሮጠውና ብዙ ቀን ተሠቃይቶ ሥጋው የዛለበት፥ ሚስቱንና ልጆቹን ወደ መሠዊያው የጐተተውና ቤተ ሰቡን ለማዳን ብቻውን የሠዋው፥ አንድ እንዳይደሉ አዩ። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ነገር ለብቻው እንዲመረምሩ ተስማሙ። ወረቀት የገዙት ንስሐቸው ተመርምሮ እንዲታረቁ፥ የሠዉት ግን ረዥም ንስሐ እንዲገቡ፥ ለሞት ቢታመሙም ሰላም እንዲሰጣቸው ወሰኑ። ይህ ድካም ያለበት ሥራ ነው፤ ደጅ መዝጋትም ደጅ ማስከፈትም ከዚህ ይልቅ ይቀላል። ተበዳዩና በዳዩ በአንድ ማኅበር ውስጥ ቢሆኑ፥ ፈጥነህ ታረቁ ብለህ ከመገላገል ይልቅ የእያንዳንዱን ነገር ለመስማት ጊዜ እንዳለህ እጠይቅሃለሁ።

በ252 በቅርጣግና ታላቅ ቸነፈር ገባ። ሰው ሁሉ ዘመዱን እየተወ ሸሸ፤ ገና ያልሞተውን በሽተኛ ከቤት አውጥተው በመንገድ ላይ ይጥሉ ነበር፤ ሬሳውም በየጐዳናው ተከመረ። አንዳንዱም በሬሳዎቹ መካከል ለዝርፊያ ይዞር ነበር። ቆጵርያኖስ ያን ጊዜ አልሸሸም። ሕዝቡን ሰብስቦ፥ የራሳችንን ሰዎች ብቻ ብንረዳ ምንም ድንቅ ነገር እንዳላደረግን፥ አሳዳጆቻችንንም ልንረዳ እንደሚገባን አስተማራቸው። ከዚያም ለያንዳንዱ እንደ ኑሮው ሥራ አከፋፈለ፤ ባለጠጋው ገንዘብ አወጣ፥ ድኃው ጕልበቱን ሰጠ። በሁለት ዓመት በፊት በአደባባይ ለአንበሳ ስጡት ብለው የጮኹበትን ሰዎች በሽተኞቻቸውን አስታመመ፥ ሙታናቸውንም አስቀበረ። ይህን ሁሉ የጻፈልን አብሮት የነበረ ጶንጥዮስ የሚባል ዲያቆን ነው። እኔም ስለ ቆጵርያኖስ ከተነገረው ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስደት እንደሚነሣ ወሬ ተሰማ። ጉባኤውም ዳግመኛ ተሰብስቦ፥ በንስሐ የቈዩትን ሁሉ ሞታቸውን ሳይጠብቁ ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲመልሷቸው ወሰነ፤ ያለ ጋሻ ወደ ጦር ሜዳ ሰው አይላክምና። ሁለት ዓመት ያህል በደጅ ቆመው ያለቀሱት በዚህ ገቡ። በ253 ገደማም በኑሚድያ ሽፍቶች ክርስቲያኖችን ማርከው ወሰዱ፤ የቅርጣግና ማኅበር 100,000 ሴስተርስ የሚባል የሮማ ገንዘብ አዋጥቶ ለምርኮኞቹ መቤዣ ላከ። ቆጵርያኖስም የሰጪዎቹን ስም በጸሎት እንዲያስቧቸው ጽፎ ከገንዘቡ ጋራ ላከ፤ እንዲህ ያለ መከራ ዳግመኛ ቢደርስም ሳያፍሩ እንዲያስታውቁት ለመናቸው።

ሰው ነበረና ጕድለት አልታጣበትም። ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ሰዎች እጅ የተጠመቁት እንደ ገና ሊጠመቁ ይገባል ብሎ ከሮማው ኤጲስ ቆጶስ ከእስጢፋኖስ ጋራ በ255ና በ256 ተከራከረ፤ የሁለቱም ቃል ከመጠን ይልቅ መረረ። በ314 በአርል የተሰበሰበው ጉባኤ በዚህ ነገር የቆጵርያኖስን አሳብ አልተከተለም።

በ257 ንጉሠ ነገሥቱ ዋሌርያኖስ ስደት አስነሣ። ቆጵርያኖስ በነሐሴ 30 ቀን በአገረ ገዢው በጳጥርኖስ ፊት ቀርቦ ክርስቲያንና ኤጲስ ቆጶስ እንደ ሆነ መሰከረ፤ የቀሳውስቱን ስም እንዲነግረው ሲጠየቅ ግን አሳልፎ አልሰጣቸውም። ኩሩቢስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተጋዘ። በሚመጣው ዓመት ተመልሶ በራሱ አትክልት ቦታ ተቀመጠ፤ የተሸጠው ቦታ ወደ እጁ ተመልሶ ነበርና። ታላላቅ ወዳጆቹ መሸሸጊያ አዘጋጅተው እንዲሸሽ ለመኑት፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሰወረ፤ ይኸውም አገረ ገዢው በኡቲካ ሳለ ወደዚያ ሊያስወስደው ስለ ላከ ነው። ኤጲስ ቆጶስ የሚሞተው በራሱ መንጋ ፊት ሊሆን ይገባል ብሎ፥ አገረ ገዢው ወደ ቅርጣግና እስኪመለስ ቈየ፤ ከተመለሰ በኋላም ወደ ቤቱ ገብቶ ጠበቃቸው። አንባቢ ሆይ፥ የፊተኛውን ሽሽቱንና ይህን ሁለተኛውን አስተያይ፤ ፍርዱን ለአንተ እተወዋለሁ።

በ258 መስከረም 13 ቀን ያዙት። የዚያን ሌሊት በአንድ የጭፍራ አለቃ ቤት አሳደሩት፤ ሕዝበ ክርስቲያኑም ወጥተው በቤቱ ደጅ በጐዳናው ላይ አደሩ። እርሱም በጨለማው በሕዝቡ መካከል ላሉት ለልጃገረዶች ጥበቃ እንዲደረግላቸው አዘዘ። በማግሥቱ አገረ ገዢው ገሌርዮስ መክሲሞስ በሰይፍ እንዲሞት ፈረደበት፤ እርሱም እግዚአብሔርን አመሰገነ። ወደ ሜዳው በደረሰ ጊዜ ካባውን አውልቆ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ለሚሰይፈውም ሰው 25 የወርቅ ገንዘብ እንዲሰጡት ወዳጆቹን አዘዘ። ወንድሞችም ደሙን እንዲቀበል ጨርቅ በፊቱ አነጠፉ። ከዚያም ዓይኑን በገዛ እጁ ሸፈነ። ሥጋውን ቀን በቅርብ ስፍራ አኑረውት፥ ሌሊት ሻማና ችቦ አብርተው እየጸለዩ ወስደው መቃብር በተዘጋጀለት ርስት ቀበሩት።