ሩዝቬልት ያልጠየቁት ቁጥር

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ግብፅ ውስጥ፣ በስዊዝ ቦይ መስመር ባለ ሐይቅ ላይ በቆመች የጦር መርከብ፣ ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ጋር ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ሩዝቬልት በሕይወት የቆዩት ሁለት ወር እንኳ አይሞላም።

ሩዝቬልት በ39 ዓመታቸው ፖሊዮ ተብሎ በታወቀ ሕመም እግሮቻቸው ሽባ ሆነዋል። ያም ሆኖ አራት ጊዜ ተመርጠዋል። ሰው ሁሉ የሚያየው እግራቸውን ነበር፤ የገደላቸው ግን የማይታየው ደም ግፊት ነው።

በ1933 ዓ.ም. ግፊታቸው ሲለካ 188 በ105 ነበር። ዛሬ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደም ግፊት አለ ይባላል። ያኔ ግን ብዙ ሐኪሞች ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ ያለ ነው ብለው ያልፉት ነበር። የአፍንጫና የጉሮሮ ስፔሻሊስት የነበሩት የግል ሐኪማቸውም፣ ፕሬዚዳንቱ ደህና ናቸው እያሉ ሕዝቡን ያረጋጉ ነበር።

በመጋቢት 1936 ዓ.ም. ሃዋርድ ብሩን የተባሉ ወጣት የልብ ሐኪም መረመሯቸው። ልባቸው ሰፍቷል፣ ደክሟልም። ሐኪሙ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ እረፍት እንዲያበዙ አዘዙ። ግፊቱን በደንብ የሚያወርድ መድኃኒት ግን በዘመኑ አልነበረም። ሩዝቬልትም ግፊቴ ስንት ደረሰ ብለው አልጠየቁም፤ የነገራቸውም የለም።

ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ጆርጂያ ውስጥ ተቀምጠው ምስላቸው እየተሳለ ሳለ፣ ጭንቅላታቸውን ከኋላ በኩል ክፉኛ አመማቸውና ራሳቸውን ሳቱ። ግፊታቸው 300 በ190 ደርሶ ነበር። አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሶ፣ በዚያው ቀን በ63 ዓመታቸው አረፉ።

የእኛ ዕድል ከሳቸው ይሻላል። መድኃኒቱ አለ፤ መለካትም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ችግሩ ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ወጣት ነኝ፣ አላመመኝም ማለት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በቀን የምንበላው ጨው፣ ዳቦና ወጥ ውስጥ ያለውም ተደምሮ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ጥሩ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ ተሻለኝ ብሎ በራሱ አያቋርጥ፤ የተሻለው መድኃኒቱን ስለወሰደ ሊሆን ይችላል።

የስልክ ቁጥራችንን በቃላችን እናውቃለን። የደም ግፊታችንንስ?