ወይዘሮ ርብቃ ሉከንስና የብራንዲዋይን ብረት ፋብሪካ

አንድ የእንፋሎት ቦይለር የሚያስተማምነው የተሠራበት ላሜራ የሚያስተማምን ሲሆን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ ወንዞች ላይ ይመላለሱ በነበሩት የእንፋሎት መርከቦች ቦይለር በፈነዳ ቁጥር የብዙ ሰው ሕይወት ይጠፋ ስለነበር፣ ላሜራ አምራቹ ለገበያ የሚያቀርበው ብረቱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ጭምር ነበር። በዚህ ሥራ ስማቸውን ካስከበሩት ባለፋብሪካዎች አንዷ ወይዘሮ ርብቃ ሉከንስ ናቸው።

ወይዘሮ ርብቃ እ.ኤ.አ. በ1794 በፔንስልቫኒያ ግዛት ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው አይዛክ ፔኖክ ባለ ብረት ፋብሪካ ስለነበሩ ሥራውን ከልጅነታቸው ጀምሮ እያዩ አደጉ። በ1813 ሐኪሙን ቻርልስ ሉከንስን አገቡ። ቻርልስም ሕክምናውን ትተው፣ ዛሬ ኮትስቪል በምትባለው ከተማ በብራንዲዋይን ወንዝ ኃይል ይሠራ የነበረውን የአማታቸውን ፋብሪካ ተከራዩ፤ በአሜሪካም የቦይለር ላሜራ በመዳመጥ ከቀዳሚዎቹ ተቆጠሩ።

በ1825 በዮርክ ከተማ ይሠራ ለነበረው፣ «ኮዶረስ» ለተባለው የመጀመሪያው የአሜሪካ የብረት መርከብ ላሜራ በማዘጋጀት ላይ ሳሉ ቻርልስ አረፉ። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ርብቃ ገና የ31 ዓመት ሴት፣ የልጆች እናትና ነፍሰ ጡር ነበሩ። ፋብሪካው በዕዳ ተይዞ ለኪሳራ ተቃርቧል፤ አባታቸው ባለፈው ዓመት በመሞታቸው የውርሱ ጉዳይ አከራካሪ ሆኗል፤ እናታቸውም የብረት ሥራ ለሴት አይገባም ብለው ተቃውመዋቸዋል። ይሁን እንጂ ሥራውን እንዲቀጥሉ የባለቤታቸው የመጨረሻ አደራ ስለነበር ወደኋላ አላሉም። የዕለቱን የፋብሪካ ሥራ ለባለቤታቸው ወንድም ለሰሎሞን ሉከንስ ሰጥተው፣ የጥሬ ዕቃውን ግዥ፣ የዋጋውን ትመና፣ ውሉንና ሽያጩን ራሳቸው ያዙ። «ኮዶረስ»ም በዚያው ዓመት ውሃ ላይ ዋለ።

ሁለተኛው ፈተና የመጣው በ1837 ነው። ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅና በብር መመንዘር በማቆማቸው ንግዱ ደነዘዘ፤ ገዥም ጠፋ። ወጪን ለመቀነስ ሠራተኛን ማሰናበት ቀላሉ መንገድ ነበር። ዳሩ ግን ብረት መዳመጥ የለመደ እጅ አንድ ጊዜ ከተበተነ በቀላሉ ተመልሶ አይሰበሰብም። ስለዚህ ወይዘሮ ርብቃ ትእዛዝ በታጣበት ጊዜ ሠራተኞቻቸውን ፋብሪካውን እንዲጠግኑና እርሻቸውን እንዲያለሙ አደረጉ፤ ጥሬ ገንዘብ ባልተገኘም ጊዜ ደመወዛቸውን በእርሻው ምርት ከፈሉ። ገበያው ሲመለስ ሌላው ሠራተኛ ፍለጋ ሲወጣ እሳቸው ዘንድ ሙያተኛውም መሣሪያውም በቦታው ነበሩ።

ወይዘሮ ርብቃ በ1847 ከሥራው ገለል ብለው በ1854 አረፉ። በ1859 ፋብሪካው በሉከንስ ስም ተጠራ፤ ይህንንም ስም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ይዞ ቆየ። በኪሳራ አፋፍ ላይ የተረከቡት ፋብሪካ ይህን ያህል ዕድሜ ያገኘው፣ በችግር ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ ያለበት የሠለጠነው ሰውና የታመነው ስም መሆኑን በመረዳታቸው ነው።