ጽድ ያስተከለው ንጉሥ፦ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በመኪና የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም። ግራና ቀኙ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ነው፤ በየጓሮው ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። ራቅ ብሎ ግን ጉብታ ላይ ክብ የሆነ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይታያል። እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ ማለት ነው፤ መጠየቅ አያስፈልግም። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው ተሰብስቦ የቀረው እዚያ ነው።

ሰሞኑን በእኛ በዕጩ መምህራን መኝታ ቤት በዚህ ነገር ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን ደንና የዱር አራዊት መጠበቅ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት ነው አልን። ሌሎቻችን ደግሞ የለም፣ አባቶቻችን ያውቁት ነበር ብለን ተከራከርን። ክርክሩ እንዲሁ እንዳይቀር ብለን በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን የአንድ ሰው ሕይወት ይዘን ቀርበናል። ሰውየው ንጉሥ ነው፤ ከሞተ ከ550 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የአፄ ዳዊት ልጅ ሲሆን የተወለደው በ1391 ዓ.ም. ገደማ በፈጠጋር ነው። እናቱ እግዚእ ክብራ ይባላሉ። በዚያ ዘመን የንጉሥ ልጆች ለዙፋን እንዳይሻሙ በአምባ ግሸን ላይ ይጠበቁ ስለነበር፣ እሱም የወጣትነት ዘመኑን ከዚያ አምባ ላይ እንዳሳለፈ ይነገራል። አባቱ ከሞተ በኋላ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች እየተፈራረቁ ነገሡ፤ አብዛኛዎቹም ብዙ ሳይቆዩ አለፉ። በመጨረሻ በ1426 ዓ.ም. ተራው የእሱ ሆነ። ዕድሜው ያን ጊዜ 35 ዓመት ገደማ ነበር። እንግዲህ ከአምባ ወርዶ በአንድ ጊዜ ሰፊ አገር ተረከበ ማለት ነው።

ሥራው ብዙ ነው። እንደ ጥንት ነገሥታት ሥርዓት አክሱም ሄዶ ዘውድ ጫነ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1438 ዓ.ም. ጎሚት ላይ የአዳልን ሡልጣን በድላይን ድል አደረገ። በ1442 ዓ.ም. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ቤተ ክርስቲያንን ለረጅም ጊዜ ሲከፍል የኖረውን የሰንበት ክርክር አስታረቀ። ከዚህም ሌላ ንጉሡ ራሱ ደራሲ ነበር፤ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በእሱ ስም የሚታወቁ ናቸው። ጦር የሚመራ ንጉሥ ብዙ አይተናል፤ ብዕር የሚይዝ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ መልካሙን ብቻ ብንጽፍ አንባቢያችንን እናታልላለን። ዘርዓ ያዕቆብ ጨካኝ ጎንም ነበረው። ጣዖት ያመልካሉ ተብለው የተከሰሱ ሰዎችን በብርቱ ቀጥቷል፤ ከተቀጡት ውስጥ የገዛ ልጆቹም ነበሩበት። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አሳድዷል። ሕዝቡ የእምነቱን ቃል በግንባሩ ላይ እንዲጽፍ አዝዞ ነበር። በፍርሃት የሚገዛ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

የዚያ ዘመን ነገሥታት ቋሚ ከተማ አልነበራቸውም። ከተማቸው ድንኳን ነበር። ሠራዊቱ፣ መኳንንቱ፣ አሽከሩ፣ ከብቱ ሁሉ አንድ ቦታ ይሰፍርና የአካባቢው እህልና ማገዶ ሲያልቅ ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ዘርዓ ያዕቆብ ግን በ1440ዎቹ መጨረሻ ግድም ሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ፣ ያንን ምልክት ባየበት ቦታ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠራ። ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ከመጨረሻዎቹ 14 ዓመታት 12ቱን ያሳለፈው እዚያው ነው።

አንድ ቦታ መቀመጥ ጥሩ ነው፤ ጣጣም አለው። የሚዘዋወር ሰፈር ተራራውን አራቁቶ ይሄዳል፤ ተራራውም በበኩሉ ጊዜ ካገኘ ያገግማል። የሚቀመጥ ከተማ ግን ፋታ አይሰጥም። ይህ ነገር ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ በአፄ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ላይ ደርሷል። ማገዶ ጠፍቶ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ ከተማውን ያዳነው ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ይሄው የእኛም ጓሮ ዛሬ በዚያው ዛፍ ተሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣው ታሪክ እንደሚለው፣ ዘርዓ ያዕቆብ ከደብረ ሲናና ከአንኮበር አካባቢ፣ ወፍ ዋሻ ከተባለው ጥንታዊ ጫካ የጽድ ዘር አስለቅሞ፣ ዛሬ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው በወጨጫ ተራራ ላይ እንዲዘራ አዘዘ። ያ ጫካ ዛሬ መናገሻ ሱባ ይባላል። በአፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁት ደኖች ሁሉ ከጥንታዊዎቹ አንዱ ነው እየተባለ ይጠቀሳል።

ስለ ጽድ ጥቂት ማወቅ የትእዛዙን ክብደት ያሳየናል። ጽድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለቋሚና ለማገር ይደርሳል፤ ጽድ ግን የሰው ዕድሜ ይፈልጋል። ደርሶ ሲቆረጥ ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ለዚህ ነው የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ምሰሶ፣ በርና ጣራ ከእሱ ይሠራ የነበረው። ፍሬውን ወፎች ይበሉና ዘሩን ሩቅ ቦታ ይጥሉታል። እንግዲህ ወፍ ከሌለ ጽድ ራሱን የሚዘራበት እጅ ያጣል፤ ጽድ ከሌለም ወፉ ቤቱን ያጣል። አንዱን ጠብቆ ሌላውን መተው አይቻልም።

ዛሬ መናገሻ ሱባ ውስጥ ከጽዱ ጋር ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት፣ ከፍ ሲልም ኮሶ አለ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ጠቆር ያለ ድኩላ እዚያ ይኖራል። እርግጥ ጫካው ሳይነካ ቀርቷል አንልም። መጥረቢያ ገብቶበታል፤ ከፊሉም በኋላ ዘመን በተተከለ የውጭ ዛፍ ተተክቷል። ግን አለ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ንጉሡ በ1460 ዓ.ም. ሞተ። በሕይወቱ የተተከለው ጽድ ያን ጊዜ ገና ለጋ ነው። ፍርሃቱም አብሮት ተቀበረ፤ የሞተ ንጉሥ ማንንም አይቀጣም። ከዚያ በኋላ በአገሩ ላይ ጦርነት አለፈ፤ ሕዝብ ከቦታ ወደ ቦታ ተንቀሳቀሰ፤ በወጨጫ ዙሪያ ያለው ሰው ቋንቋው ተለወጠ። ተራራው ዛሬ በኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ጫካውን እስከ እኛ ያደረሰው ታዲያ አንድ ትእዛዝ ብቻ ሊሆን አይችልም። በየዘመኑ ስማቸው ያልተጻፈ፣ ሊቆርጡ ሲችሉ ያልቆረጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ትእዛዝ ያስተክላል፤ የሚያቆየው ግን ከትእዛዝ በኋላ ያለው ሰው ነው። እኛ ከዚህ ሕይወት ያገኘነው ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

የንጉሡ አጽም ያረፈበት ቦታም ይህንኑ ያስተምራል። ዛሬ በጣና ሐይቅ ላይ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳም፣ ከሌሎች ነገሥታት አጽም ጋር ይገኛል። ደሴቱ በዛፍ የተሸፈነ ነው። መነኮሳቱ አጽሙን፣ የብራና መጻሕፍቱንና ዛፉን አንድ ላይ ይዘው ኖረዋል፤ ይሄ ቅርስ ነው፣ ያ እንጨት ነው ብለው አልለዩም። ጣናና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ከሁሉ በፊት ያን የመሰለ አሮጌ ጥበቃ ዕውቅና አገኘ ማለት እንችላለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ያ ክብ አረንጓዴ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ነው። ማንም ሰው በአንድ ቀን ጫካ አይጨርስም። በአንድ ወገን ማረሻው አንድ ትልም ይገፋል፤ በሌላ ወገን ከብት ይገባል። ከብት ትልቁን ዛፍ አይነካም፣ ግን ከሥሩ የበቀለውን ችግኝ ይግጣል፣ ይረግጣል። ከውጭ ሲያዩት ጫካው ያለ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሽማግሌ እንጂ ልጅ የለውም። ሽማግሌዎቹ ዛፎች የወደቁ ዕለት ተተኪ የለም። ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ ባሕር ዛፍ ይሞላዋል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ቤትና ገንዘብ ነው፤ አናንቋሽሸውም። ጉሬዛን ግን አያኖርም፤ ቦታውም እዚያ አይደለም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ክቦ ከብት የከለከለ ሰበካ፣ ሳይተክል እንኳ ችግኝ ያገኛል፤ ዘሩ መሬቱ ውስጥና ወፉ ሆድ ውስጥ አለና። ድንጋዩ ከማሳው ሲለቀም ገበሬውም መሬቱ ይጠራለታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነግሯል። መትከሉ ደግ ነው። ቆጠራው ግን በተተከለበት ቀን ካበቃ ምን ዋጋ አለው? ጽድ የሚቆጠረው የተከለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ ነገ ብዙዎቻችን የምንመደበው በገጠር ትምህርት ቤት ነው። ከትምህርት ቤቱ ብዙ ሳይርቅ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሥሩም አንድ የቀረ ጫካ አይጠፋም። እኛ ንጉሥ አይደለንም፤ ማዘዝ አንችልም፤ እንዳየነው ማዘዝ ብቻውንም አይበቃም። ካህናቱንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች አስፈቅደን ተማሪዎቻችንን ይዘን መግባት ግን እንችላለን። ዛፉን በስሙ ያስጠኗቸው፤ የትኛው ወፍ የትኛውን ፍሬ እንደሚበላ ይጻፉ፤ ከትልቁ ዛፍ ሥር ስንት ችግኝ እንዳለ ይቁጠሩ፤ በዓመቱም ተመልሰው እንደገና ይቁጠሩ። ስሙን የሚያውቀውን ዛፍ ሰው ቶሎ አይቆርጥም።

መምህራኖቻችንም ይህን በመስክ ትምህርት ቢያግዙን ደስ ይለናል። ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን አስዘራ፤ ጥላውን ግን አላየም። የእኛም ሥራ እኮ ከዚህ አይለይም። የምናስተምረው ልጅ ሽማግሌ ሆኖ በዚያ ጥላ ሥር ቢቀመጥ፣ ያን ጊዜ ነው ትምህርታችን የደረሰው።