ላም እያረቡ የህዋስን ኃይል የመረመሩት ሊቅ

እንግሊዛዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፒተር ሚቸል እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1920 በሰሪ ግዛት ሚቻም በተባለ ስፍራ ተወለዱ። በኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ በምርምር ላይ ሳሉ የጨጓራ ቁስለት ጸናባቸውና በ1963 ሥራቸውን ለቀቁ። ወደ ኮርንዋል ገጠር ወርደው በቦድሚን አቅራቢያ ግሊን ሃውስ የተባለውን ያረጀ ትልቅ ቤት አደሱ፤ የሚታለቡ ላሞችም አረቡ። ከባልደረባቸው ከጄኒፈር ሞይል ጋር በዚያው ቤት አነስተኛ የምርምር ተቋም መሠረቱ።

ይዘውት የሄዱት ጥያቄ ግን ትንሽ አልነበረም። በሰው፣ በከብትና በዕፀዋት ህዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ደቃቅ አካላት አሉ። ከምግብ የተገኘው ንጥረ ነገር በእነርሱ ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ፣ ህዋሱ ሥራውን የሚያከናውንበትን ኤቲፒ የተባለ የኃይል ስንቅ ያስገኛል። የዘመኑ ሊቃውንት በምግቡና በኤቲፒ መካከል አንድ የተሰወረ ኬሚካል አለ ብለው ለዓመታት ቢፈልጉም አላገኙትም።

ሚቸል በ1961 ባሳተሙት ጽሑፍ ምሥጢሩ በአካሉ አሠራር ላይ መሆኑን አመለከቱ። ከምግብ የሚገኘው ኃይል ፕሮቶኖችን በማይቶኮንድሪያ ውስጠኛ ስስ ሽፋን በአንደኛው ወገን ያጠራቅማል። የተጠራቀሙት ፕሮቶኖች በጠባብ በር ሲመለሱ ኤቲፒ ይሠራል፤ በግድብ የታቆረ ውኃ ቁልቁል ሲወርድ ተርባይን እንደሚያሽከረክር ማለት ነው። ግድቡ ከተሸነቆረ ምግቡ ይቃጠላል እንጂ ኤቲፒ አይሠራም። ስለዚህ የሽፋኑ ቅርጽና ጥብቀት ለህዋሱ የኃይል ምርት ወሳኝ ሆነ። የልብ ጡንቻን በመሰለ ዕረፍት በሌለው አካል ውስጥ ሽፋኑ ተደራርቦ የሚታጠፈውም ኃይል የሚመረትበት ገጽ እንዲሰፋ ነው።

ብዙዎች አሳቡን አልተቀበሉትም፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። ነገር ግን ማስረጃው ከሌሎች ቤተ ሙከራዎች መጣ። አሜሪካዊው አንድሬ ጃገንዶርፍ በ1966 ከስፒናች ቅጠል የወጡ ክሎሮፕላስቶችን፣ ማለትም የቅጠልን አረንጓዴ አካላት፣ በአሲድ ነክረው ወዲያው ወደ አልካላይ ውህድ ሲያዛውሯቸው፣ ብርሃን በሌለበት ጨለማ ኤቲፒ ተሠራ። በዚያው ዓመት ቻርልስ ሃከንብሮክ የአይጥ ጉበት ማይቶኮንድሪያ ሥራው ሲለዋወጥ ውስጣዊ ቅርጹም እንደሚለዋወጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳዩ። ቅርጹ ሥራውን፣ ሥራውም ቅርጹን ይገዛል ማለት ነው።

ሚቸል በ1978 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ያለ ተጋሪ ተቀበሉ፤ በ1992ም ዐረፉ። ከእርሳቸው ሞት በኋላ የተደረጉ ምርምሮች ምግብ ያጣ ህዋስ ማይቶኮንድሪያውን እርስ በርስ አጋጥሞ እንደሚያረዝም፣ በዚህም ከመፈራረስ ጠብቆ ኤቲፒ ማምረቱን እንደሚቀጥል ደርሰውበታል።