ሩሲያ ተምረው ጨርጨርን የገነቡት ሰው

ከበደሳ ጭሮ የምትመላለሱ፣ የጥንቷን አሰበ ተፈሪን በፕላን ያስቀየሳት ማን ነው? ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄዱ፤ በባዕድ ቤት አደጉ፣ ቋንቋውን ለመዱ፣ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። አገራቸውን ግን አልረሱም። ተመልሰው የመጀመሪያ የሚባለውን የአማርኛ ቲያትር ጻፉ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዓመታትን በስደት አሳልፈው ሲመለሱም ሂርና ላይ ገበሬ ሆኑ።

ዛሬም ከሐረርጌ ወደ ጅቡቲና ሳዑዲ የሚሻገረው ወጣት ብዙ ነው። የሰው አገር መልመድ አገርን አያስረሳም፤ ተመላሽ የሚሠራበት ቦታ ካጣ ግን ያ ሁሉ እውቀት ባክኖ ይቀራል። እሳቸው ጨርጨርን አገኙ። እኛስ ለተመላሾቻችን ምን አዘጋጀን?